ከቡኹሩ በፊት ሲፎኑን እንይ



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን "ይህም ርዕስ ሆኖ ይጻፋል እንዴ?" ያሰኛችሁ ይሆናል። ስለ ሽታ ነው። ከመታጠቢያ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሲንክ፣ አንዳንዴም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ቤቱን ስለሚሞላው የፍሳሽ ሽታ። ይህ ሽታ ምንም ያላጠፋ ሰው ሲያስወቅስ፣ ባልና ሚስት ሲያኳርፍ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲያጣላ በገዛ ቤቴ ስላየሁ ዝም ማለት ከበደኝ።

እኛ ቤት የጀመረው ከዒድ በኋላ ነው። ቤተሰቡን ይዤ ዘመድ ጥየቃ ወሎ ሄደን ሦስት ሳምንት ቆየን። ተመልሰን አዲስ አበባ ያለውን የኮንዶሚኒየም ቤታችንን በር ስንከፍት የተቀበለን ሽታ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ የተበላሸ እንቁላል ዓይነት። ባለቤቴ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስገባ በረኪና አነሳች። መታጠቢያ ቤቱን ስትፈገፍግ አመሸች። ሽታው ያን ማታ ጠፋ። ሱብሒ ላይ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ሁለት ወራት የሚያስቁም የሚያሳዝኑም ናቸው። ናፍታሊን ተንጠለጠለ፣ ሰንደል ተለኮሰ፣ ቡኹር ጠዋትና ማታ ጨሰ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤታችን ሽቶ መሸጫ ይመስል ነበር። እናቴ ለሕክምና ከደሴ መጥታ እኛ ጋ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ለብቻዬ ጠራችኝና "ልጄ፣ ሱብሒ በደረሰ ቁጥር የሚመጣ ሽታ የደህና አይመስለኝም፤ ሰው ፈልግና ቤቱ ይቀራበት" አለችኝ። እህቴ በስልክ ሌላ ነገር አለች፤ "ሚስትህ ሥራ ስትውል ቤቱን ማን ያየዋል?" እኔም፣ አላህ ይማረኝ፣ አንድ ቀን ደክሞኝ ስገባ "ለመሆኑ ይህ ቤት ይታጠባል?" አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ተነስታ ባልዲውን ያዘችና እንደገና ማጠብ ጀመረች።

እስቲ ልብ በሉ። ጣራ ቢያፈስ ወይም መብራት ቢበላሽ ማንም ሚስትን አይወቅስም። ቤት ሲሸት ግን የሁሉም ዓይን ወደ ሴቷ ነው የሚዞረው፤ ሠራተኛ ካለች ደግሞ መጀመሪያ ወደ ሠራተኛዋ። በዚህ ሽታ ሰበብ ደመወዟን ተቀብላ የተሰናበተች ልጅ አውቃለሁ። እሷ ከሄደች በኋላም ቤቱ መሽተቱን አላቆመም።

የእናቴንም ነገር ላንሳ፤ ብዙ ቤት ውስጥ የሚባል ነውና። ሩቅያን አልነቅፍም። ቁርኣን በቤት መቀራቱ ሽታ ኖረም አልኖረም በረካ ነው። ነገር ግን ጥርሱን ያመመው ሰው ዱዓ ያደርግና ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ዱዓው ከሐኪም አያስቀረውም። የቧንቧ ሽታን የሲሕር ምልክት ነው ብለው ከቤተሰብ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች እንዳሉ ስሰማ ግን ያንገበግበኛል። ያ ቤተሰብ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የዘመዱንም ፍቅር ያጣል፤ "ማን አስደረገብን?" ተብሎ መጠርጠር ይጀመራልና።

ወደ ቧንቧው እንግባ። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ፣ ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ እንደገና ወደ ላይ የሚወጣ ቧንቧ አለ። ሠራተኞቹ ሲፎን ይሉታል። ውሃ በፈሰሰ ቁጥር እጥፋቱ ውስጥ ጥቂት ውሃ ይቀራል። በአብዛኛው ቁመቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ ነው። በእኛ ሳሎንና በሰፈሩ ፍሳሽ መካከል ያለው መዝጊያ ይኸው ነው፤ ሌላ ክዳን የለም። ሽንት ቤቱም በሸክላው ውስጥ ይህ እጥፋት አለው፤ ጎድጓዳው ውስጥ ተኝቶ የምናየው ውሃ የእሱ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማፍሰሻም ከወንፊቱ በታች ሊኖረው ይገባል። ይህን እጥፋት ለሽንት ቤት በፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1775 ለንደን ይኖር የነበረ አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነው። እስከ ዛሬ ከዚህ ቀላልና ርካሽ የሆነ መላ አልተገኘም።

እንግዲህ ሽታ ቤት ውስጥ ገባ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ያ ውሃ ቦታው ላይ የለም ማለት ነው። ቤት ተዘግቶ ሳምንታት ከቆየ ውሃው ይተናል። የእኛ ከተማ ደግሞ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባት ከተማ ናት። ውሃ በሌለበት ቀን ከጀሪካን ቀድተን በባልዲ ስለምንታጠብ፣ ሲንኩና የወለሉ ማፍሰሻ ለብዙ ቀናት ጠብታ ሳያገኙ ይቀራሉ። ወለሉን በውሃ አጥቦ ማፍሰስ ትተን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ከለመድን ደግሞ የወለሉ ሲፎን ጨርሶ ይደርቃል። ንጹሕ ቤት የሚሸተው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ሲፎኑ ከመጀመሪያው አለመኖሩ ነው። ቀጥ ያለ ቧንቧ ወለል ውስጥ ቀብረው ከላይ የሚያምር ወንፊት የሚያለብሱ ሠራተኞች አሉ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦ ግድግዳው ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ እንዲሁ ተሰክቶ፣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ የምታገኙበት ቤትም ብዙ ነው። ያ ክፍት ቦታ ለጋዙ ሰፊ በር ነው። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከወለሉ ጋር የተያያዘበት ሲሚንቶ ተሰንጥቆ ከሆነም ከዚያ ይወጣል። መቀመጫውን በእጃችሁ ስትገፉት ከተነቃነቀ ጥርጣሬያችሁ ወደዚያ ይሁን።

ሽታውን መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ አፍንጫ እንደሚለምድ ነው። ቤት ውስጥ የዋለ ሰው ሽታው ከየት እንደሚበረታ መለየት አይችልም። ውጭ ወጥታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ግቡ፣ ወይም ከውጭ የመጣ ሰው ጠይቁ። ልጆች በዚህ ጎበዞች ናቸው፤ ይሉኝታም የላቸውም።

ከዚያ የቤቱን ማፍሰሻዎች ሁሉ ቁጠሩ። የተረሳ አይጠፋም፤ በረንዳ ላይ ያለው፣ ከማሽኑ ኋላ ያለው፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት። በየአንዳንዱ አንድ ሁለት ሊትር ውሃ አፍስሱና ጠብቁ። ሽታው ጠፍቶ ለሳምንታት ካልተመለሰ ደርቆ ነበር ማለት ነው፤ ነገሩ አለቀ። ብዙ የማትጠቀሙበት ማፍሰሻ ከሆነ ከውሃው በላይ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ዘይቱ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይሸፍነዋል። ውሃ ቢፈስም ሽታው ፈጽሞ ካልጠፋ ሲፎን የሌለው ቀዳዳ ወይም የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ አለ። ሽታው ጠፍቶ በሰዓታት ውስጥ ወይም በማግስቱ ከተመለሰስ? ያኔ ያፈሰሳችሁትን ውሃ የሚሰርቅ ነገር አለ። የእኛ ቤት ይህ ነበር፤ ግን ገና አላወቅኩም።

የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ለመለየት የቧንቧ ሠራተኛው ያሳየኝ ዘዴ ፌስታልና ፕላስተር ነው። ማታ ሁሉንም ማፍሰሻዎች በፌስታል ሸፍኖ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ። ጠዋት ቤቱ ካልሸተተ አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ በመካከል ጊዜ እየሰጡ ማሽተት። አንድ ነገር ልጨምር፤ መታጠቢያ ቤታችሁ ውስጥ አየር ማውጫ ቬንትሌተር ካለና ሽታው እሱ ሲበራ የሚብስ ከሆነ፣ ቬንትሌተሩ ከደረቀ ሲፎን አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። የሚሸተው የቦይለሩ ሙቅ ውሃ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከፍሳሽ ጋር አይገናኝም፤ ቦይለሩን አስፈትሹ።

እኛ ቤት ሁሉም ታሽጎ አደረ። ሱብሒ ስነሳ ሽታ የለም። አንድ በአንድ ስንከፍት የወለሉ ማፍሰሻ ላይ ያዝነው። ወጣቱ ሠራተኛ ወንፊቱን አንስቶ በስልኩ መብራት አየና "ጋሼ፣ ሲፎን አለው፤ ውሃው ግን የለም" አለኝ። ማታ እኔው ራሴ ሞልቼው ነበር። እዚያው ቆመን እያለን ከላይ ያለ ጎረቤት ሽንት ቤቱን ለቀቀ። ከእኛ ወለል ሥር ቡልቅ፣ ቡልቅ የሚል ድምፅ መጣ። ልጁ ሳቀ። "ጋሼ፣ እሱ ነው ሌባው" አለ።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሕንፃው ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የጋራ የፍሳሽ ቧንቧ አለ። ውሃ በብዛት ሲወርድበት ከኋላው አየር ይስባል። ስለዚህ የቧንቧው ጫፍ ከጣራ በላይ ወጥቶ ክፍት መሆን አለበት፤ አየሩን ከሰማይ እንዲወስድ፣ ጋዙንም ወደ ሰማይ እንዲለቅ። ጫፉ ከተዘጋ ቧንቧው አየር የሚያገኘው ከየቤታችን ሲፎን ነው፤ ውሃችንን መጥጦ ይወስዳል። የላይ ጎረቤቶቻችን ለሱብሒና ለሥራ ሲነሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቁታል። የእናቴ የሱብሒ ሽታ ምስጢሩ ይኸው ሆነ።

የጣራውን ቁልፍ ከኮሚቴው ተቀብለን ወጣን። የቧንቧው ጫፍ በላስቲክ ታስሮ፣ ከላዩ ሲሚንቶ ተመርጎበታል። ደሜ ፈላ። ያደረገው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያሉ አዛውንት ጎረቤታችን እንደሆኑ ሰማሁና በሩን ላንኳኳ ስወርድ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ተቀመጥ አሉኝ፤ ሻይ መጣ። "ልጄ፣ ጫፉ ከመስኮታችን ትይዩ ነበር። የልጅ ልጄ አስም አለበት። ኮሚቴውን ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፤ የሚሰማኝ ሳጣ ዘጋሁት" አሉኝ። መቼ ብዬ ጠየቅኳቸው። እኛ ለዒድ ወሎ ሄደን ሳለ ነበር።

ምን ትሏቸዋላችሁ? ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። እሳቸውም የተበደሉ ናቸው። ቧንቧው ሲሠራ ከጣራው በላይ ከፍ ብሎ መውጣት ሲገባው አሳጥረው የተዉት ናቸው ሁለታችንንም የበደሉን። ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ ተምረናል፤ ግን አንድ የፍሳሽ ቧንቧ የምንጋራ ሰዎች አንዳችን ያደረግነው ሌላው ቤት እንደሚደርስ አስበነው አናውቅም። እኔም ቢሆን ሽታው ሲመጣብኝ ታች ያሉትን "እናንተስ ጋ አለ?" ብዬ አልጠየቅኩም። አፍሬ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ከእኛ በታች ያሉት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ለሁለት ወር ዕጣን ሲያጨሱ ነበር፤ እነሱም አፍረው አልጠየቁንም።

ሲሚንቶው ተነሳ። አንድ ዘንግ ፒቪሲ ተገዝቶ ጫፉ ከጣራው በላይ፣ ከአዛውንቱ መስኮት ራቅ ብሎ እንዲወጣ ተደረገ። ወጪውን የቧንቧው ተጋሪዎች ተካፈልነው፤ ለእያንዳንዳችን የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አልደረሰም። ለሁለት ወር ያጨስነው ቡኹር ከዚያ ይበልጣል።

"ሽታ እኮ ሰው አይገድልም፤ ምን ይህን ያህል አስጻፈህ?" የሚል ይኖራል። በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሳርስ በሽታ በሆንግ ኮንግ በተነሳ ጊዜ፣ አሞይ ጋርደንስ በሚባል የመኖሪያ ሕንፃዎች መንደር ከ300 በላይ ነዋሪዎች ተያዙ። መርማሪዎች በሽታው ከቤት ወደ ቤት እንዴት እንደዘለቀ ሲፈልጉ ከደረሱባቸው ምክንያቶች አንዱ የደረቀ የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲፎን ነው። ነዋሪዎቹ ወለሉን በውሃ ማጠብ ትተው በመወልወላቸው ሲፎኖቹ ደርቀው ነበር፤ ቬንትሌተሮቹም የተበከለውን ጤዛ ከጋራ ቧንቧው ወደየቤቱ ሳቡት። ላስፈራራችሁ አይደለም። ቤት ውስጥ የሚገባው ጋዝ ባብዛኛው መጠኑ ትንሽ ነው፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል። ግን መዝጊያው የተከፈተ ቤት ለሌላም ነገር የተከፈተ ነው።

የሚገድለው ሌላ ነው፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ አማና መብላት ይሆንብኛል። የእንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰውየው "ሽታው ጠፋ" ብሎ ሲያስብ አደጋው ውስጥ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ወይም ማንሆል ውስጥ ማንንም አታስገቡ፤ በገንዘብም በጉልበትም። አንድ ሰው ወድቆ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው አብረው የሞቱበት ታሪክ በየአገሩ የሚደጋገም ነው። በችግር የሚሠራ የቀን ሠራተኛ "ምንም አይደለም፣ እገባለሁ" ቢላችሁ እንኳ እምቢ በሉ። የሚመጥ መኪና ይጠራ። ከዚያ ጋር የሚወጣው ሚቴን ደግሞ ሽታ የለውም፣ እሳት ግን ይይዛል፤ ጉድጓድ ውስጥ ለማየት ክብሪት አትጫሩ።

ሁለተኛው በረኪና ነው። ሽታ ለማጥፋት በረኪና አፍስሰው፣ አልጠፋ ሲል አሲድ የሚጨምሩበት እናቶች አሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። አንዱን እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ በፍጹም። በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ ቡኹር ማጨስም እንዲሁ፤ የከሰል ጭስ ሽታውን ይሸፍናል፣ ከሰሉ የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ግን ሰው ይገድላል።

የመስጂድ ኮሚቴዎችንም አንድ ነገር ልጠይቅ። የሴቶች ውዱእ ማድረጊያ ብዙ ቦታ ከጁሙዓ ጁሙዓ፣ አንዳንዴም ከረመዳን ረመዳን ነው የሚከፈተው። የመጀመሪያው የተራዊሕ ሌሊት እህቶቻችን አፍንጫቸውን ይዘው የሚገቡት ወለሉ ስላልታጠበ ላይሆን ይችላል፤ ሲፎኖቹ ለወራት ውሃ አላዩም። ኻዲሙ በሳምንት አንድ ቀን በየማፍሰሻው አንድ ባልዲ ውሃ ቢያፈስ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

እናቴ ሕክምናዋን ጨርሳ ደሴ ልትመለስ ስትል "አልሐምዱሊላህ፣ ቤታችሁ ጠዳ፤ ያስቀራኸው ማንን ነው?" አለችኝ። የቧንቧ ሠራተኛውን አልኳት። ባለቤቴን ደግሞ ለብቻዋ "አፉ በይኝ" አልኳት፤ ያን ማታ ስላልኳት ነገር። ትንሽ ዝም አለችና "አፉ ብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሐሙስ ሐሙስ ማፍሰሻዎቹ ላይ ውሃ የምታፈሰው አንተ ነህ" አለችኝ። እያፈሰስኩ ነው።